ላብ ያላበው ወለል፦ በጅማ የአንድ ሁለገብ የስፖርት አዳራሽ ጉዳይ

መነሻ

በጅማ በሚገኝ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ግቢ ውስጥ ያለ ሁለገብ የስፖርት አዳራሽ የእንጨት ወለሉ ክረምት በመጣ ቁጥር ያብጣል። በመጨረሻም ለጨዋታ የማይሆንበት ደረጃ ደረሰ። ጥፋቱ መጀመሪያ የተላከከው ለምረቃ በሚደረደሩት ወንበሮች ላይ ነበር። ወለሉ ተጠገነ፤ በጥገናው ጭራሽ ባሰበት። ትክክለኛው ምክንያት የታወቀው ከዚህ በኋላ፣ ሳንቃው ተነሥቶ ከሥሩ ያለው ሲታይ ነው። የተቋሙም ሆነ የባለሙያዎቹ ስም እዚህ አይጠቀስም። ጉዳዩ የሚመዘገበው ተመሳሳይ አዳራሽ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ያንኑ ገንዘብ ሁለት ጊዜ እንዳያወጡ ነው።

አዳራሹና አገልግሎቱ

ቅርጫት ኳስና መረብ ኳስ ሁለቱም የተወለዱት ከጣሪያ ሥር ነው። ቅርጫት ኳስን ጄምስ ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የወወክማ ማሠልጠኛ፣ መረብ ኳስን ደግሞ ዊልያም ሞርጋን በ1895 ሆልዮክ በሚገኘው ወወክማ ፈጠሯቸው። እዚያ ሰውን ከሜዳ ያስወጣው የክረምቱ ቅዝቃዜ ነበር፤ ጅማ ላይ ዝናቡ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ በመጋቢት ይጀምራል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል፣ ጥቅምት ላይም ጨርሶ አይለቅም። ስለዚህ እዚህ አገር ጣሪያ ያለው ሜዳ ቅንጦት አይደለም፤ የትምህርት ዘመኑ ግማሽ ያለ እርሱ በጭቃ ያልቃል።

የአዳራሹ የመጫወቻ ወለል 46 በ26 ሜትር ነው። ልኬቱን የመረጠው ሰው ሥራውን ያውቅ ነበር። የእጅ ኳስ ሜዳ 40 በ20 ሜትር ሲሆን በጎን 1 ሜትር፣ ከጎሉ ጀርባ 2 ሜትር ነፃ ቦታ ይፈልጋል፤ ይገባል። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ነው፤ በዙሪያው 2 ሜትር ተጨምሮ በቁመቱ ይገባል። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሆኖ በየአቅጣጫው 3 ሜትር ሲጨመርበት 24 በ15 ይሆናል፤ ስለዚህ በአግድሙ ሦስት የመረብ ኳስ ሜዳ ጎን ለጎን ይዘረጋል። ከወለሉ እስከ ካፕሪያታው (ጣሪያውን የተሸከመው የብረት መዋቅር) ታችኛ ብረት 8.5 ሜትር አለ፤ መረብ ኳስ ቢያንስ 7 ሜትር ይጠይቃል።

ሲሠራ ወለሉ በአርማታ ላይ የተወለወለ ሊሾ ነበር። ተማሪዎች ለዓመታት የተጫወቱት በሊሾው ላይ ነው፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ቢያሳምምም ወለሉ ራሱ ችግር አልነበረበትም። በኋላ በሊሾው ላይ ሞራሌ ተደርድሮ ከውጭ የመጣ የእንጨት ሳንቃ ተነጠፈበት። ሳንቃው ስፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወንድና ሴት ሆኖ ይገጣጠማል፤ በአዳራሹ ቁመት ነው የተዘረጋው።

አዳራሹ «ሁለገብ» የተባለው ለስፖርቱ ዓይነት ነበር፤ ቃሉ ግን ቀስ በቀስ ሰፋ። ምረቃ በዝናብ ቀን ይካሄድበታል። የአዲስ ተማሪ ምዝገባ፣ ፈተና፣ የደም ልገሳ፣ ስብሰባና ባዛር ተጨመሩ። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ በአገሪቱ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ለይቶ ማቆያ እንደሆኑት ሁሉ እዚህም አልጋ ተዘረጋ፤ ወለሉ በበረኪና ውኃ በየቀኑ ታጠበ። ይህን ሁሉ የሚያሳይ መዝገብ አልነበረም። ታሪኩ የተሰበሰበው ከጽዳት ሠራተኞች፣ ከጥበቃዎችና ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ወጪ ደረሰኞች ነው። ለምርመራው ከሁሉም በላይ የጠቀመውም እርሱ ሆነ።

ችግሩ እንዴት ታየ

መጀመሪያ ያስተዋሉት ተጫዋቾቹ ናቸው። በሰሜኑ ጎን ኳሱ «ይሞታል»፤ ሲያነጥሩት ወደ እጅ አይመለስም። ደህና የስፖርት ወለል ላይ የቅርጫት ኳስ ንጥረት በደረቅ አርማታ ላይ ካለው ቢያንስ 90 በመቶ መሆን አለበት፤ እዚያ ጥግ ላይ ግን ልዩነቱ ያለ መሣሪያ ይታወቅ ነበር። ቀጥሎ የሳንቃዎቹ ጠርዝ ከፍ፣ መሃላቸው ዝቅ አለ፤ እግር ሲሄድበት እንደ ማጠቢያ ሰሌዳ ይቆጠራል። ከዚያ በምሥራቁ ግድግዳ በኩል ወለሉ ከሥሩ ተነሥቶ ጉብ አለ፤ የዕቃ ክፍሉ በር አልዘጋ አለ። በአንድ ነሐሴ ዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚሄደው ጠርዝ) ከግድግዳው ተገፍቶ ወደቀ።

አንድ ምልክት ግን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ለዓመታት አዳራሹን ያጸዱ እናት «ጠዋት ስንከፍተው ወለሉ ላብ ላብ ይለዋል፤ በደረቅ ጨርቅ ሳናብስ ልጆቹን አናስገባም» ይሉ ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ የጣሪያ ፍሳሽ ነው ብሎ አለፈው።

የመጀመሪያው ጥገና

የተቋቋመው ኮሚቴ ምክንያቱን በአንድ ስብሰባ ወሰነ፦ ምረቃ ላይ በሺህ የሚቆጠር ወንበር ይደረደራል፣ ወንበሩ ብረት ነው፣ ወለሉን ሰበረው። ግምቱ ከንቱ አልነበረም፤ የብረት እግር በእርግጥ ቫርኒሹን ይጭራል። ጭረትና እብጠት ግን ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ጭረት ወንበሩ ባረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ይታያል። እብጠቱ የበረታው ግን ወንበር በማይደርስበት በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ነበር።

ጥገናው የተሠራው በመስከረም ነው። የተነሡት ሳንቃዎች በምስማር ተመልሰው ተመቱ፤ የተበላሹት በአካባቢው በተሰነጠቀ የባሕር ዛፍ ሳንቃ ተተኩ፤ ወለሉ በሙሉ በማለስለሻ ማሽን ተልጎ ሁለት እጅ ቫርኒሽ ተቀባ። ጥቅምት ላይ አዲስ መሰለ።

ጥር ላይ ጉዱ ታየ። ውኃ የጠጣ ሳንቃ ጠርዙ ቀና ብሎ ሳለ ጠርዙ ከተላገ፣ ሲደርቅ ጠርዙ ወደ ታች ይወርዳል፤ መሃሉ ግን ስላልተላገ ጉብ ብሎ ይቀራል። ሙሉው ወለል በተቃራኒው አቅጣጫ ተጣመመ። ይህ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ነው፤ የተላገው እንጨት ተመልሶ አይበቅልም። በቂ ጊዜ ሳይደርቅ የገባው ባሕር ዛፍም ተኮማትሮ የጣት ጫፍ የሚያስገባ ክፍተት ፈጠረ።

የሥራው ጥራት መጥፎ አልነበረም። አናጢዎቹ የታዘዙትን በደንብ ሠርተዋል፤ ስህተቱ ያለው ትዕዛዙ ላይ ነው። ያበጠ ወለል ውኃው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅና ሳይደርቅ ማሽን አይነካውም።

ምርመራው

ሁለተኛው ዙር የተካሄደው ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሆን ተብሎ በዝናብ ወራት ነው። አምስት ነገሮች ተሠሩ።

ወለሉ በካሬ ወረቀት ላይ ተሳለ። እያንዳንዱ ካሬ 2 በ2 ሜትር ሆኖ እብጠቱ፣ የሞተ ኳስ የታየበት ቦታና የውኃ ነጠብጣብ በቀለም ተለየ። ካርታው ሲያልቅ ሦስት የተለያዩ ቅርጾች ታዩ፦ በሰሜኑ ግድግዳ የሚሄድ ቀጥ ያለ ሰቅ፣ በመሃል የተበታተኑ ነጥቦች፣ በመረብ ኳስ ምሰሶ ጉድጓዶች ዙሪያ ያሉ ክቦች። ሦስት ቅርጽ ማለት ከአንድ በላይ ምንጭ አለ ማለት ነው። ለዚህ ካርታ የወጣው ወጪ አንድ ደብተርና ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

ሳንቃ በአራት ቦታ ተነሣ። በእርጥበት መለኪያ የሳንቃው የታች ፊት ከ17 እስከ 18 በመቶ፣ የላይኛው ከ13 እስከ 14 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የታችኛው ፊት ከላይኛው ይበልጥ ሲረጥብ ሥሩ ይሰፋል፤ ጠርዙም ወደ ላይ ይታጠፋል። በተቃራኒው ውኃው ከላይ ቢሆን ኖሮ መሃሉ ነበር ጉብ የሚለው። ጠርዙን ብቻ አይቶ ውኃው ከየት እንደመጣ መገመት ይቻላል ማለት ነው፤ ይህን የሚያውቅ አናጢ ኮሚቴው ውስጥ ቢኖር የመጀመሪያው ጥገና ባልተሠራም ነበር።

በተጋለጠው ሊሾ ላይ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ላስቲክ ተዘርግቶ አራቱም ጠርዙ በፕላስተር ታሸገና አደረ። ለዚህ ሙከራ ቢያንስ 16 ሰዓት ያስፈልጋል። በሰሜኑ በኩል ጤዛው ከላስቲኩ ሥር ተገኘ፤ ውኃው ከመሬት ይመጣል ማለት ነው። በመሃል ግን ሥሩ ደረቅ ሆኖ ጤዛው ከላስቲኩ በላይ ነበር፤ እዚያ ያለው ከአየር የሚወርድ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ያሉት «ላብ» እርሱ ነው።

ጣሪያው በዝናብ ሰዓት ከውስጥም ከውጭም ታየ። በመጨረሻም በዙሪያው ያለው መሬት በውኃ ልክ ተለካ።

ውኃው የመጣባቸው መንገዶች

ከውጭ። አዳራሹ ሲሠራ ወለሉ ከግቢው መሬት ከፍ ያለ ነበር። ከዓመታት በኋላ በሰሜኑ በኩል ኮብልስቶን ሲነጠፍ በገረጋንቲና በአሸዋ ከፍ ተደርጎ መንገዱ ከአዳራሹ ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በለጠ። ቦዩ በአፈር ተሞልቶ ነበር። ዝናቡ በግድግዳው ሥር ይተኛል፤ ከዚያ ወደ አርማታው ሥር ይገባል። ከአርማታው ሥር ሊኖር የሚገባው ላስቲክ በተቆፈረበት ቦታ ተቀዳዶ ተገኘ፤ ብረት ሲታሰርና አርማታ ሲሞላ በጫማ ተረግጦ ሳይቀደድ አልቀረም። ኮብልስቶኑን ያነጠፈው ክፍል ሌላ፣ አዳራሹን የሚያስተዳድረው ክፍል ሌላ ነው፤ ሁለቱ አልተነጋገሩም።

ከላይ። ጣሪያው በግምት 1,500 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ በግማሽ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 45,000 ሊትር ውኃ በሁለቱ ጎን ይወርዳል። አሸንዳው በቅጠልና በወፍ ጎጆ ተሞልቶ ስለነበር ውኃው ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳው ውስጥ ይመለሳል። የቆርቆሮው ብሎኖች የጎማ ዋሸራቸው በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንዳንዶቹ ብሎኖች ደግሞ ከመጀመሪያው የተመቱት በቆርቆሮው ጉድጓድ ላይ፣ ውኃ በሚሄድበት ነው፤ መመታት ያለባቸው በጀርባው ላይ ነበር።

ከአየር። ከግድግዳው አናት ላይ በዙሪያው ያሉት የአየር መግቢያዎች ወፍ ይገባል ተብሎ በቆርቆሮ ተከድነው ነበር። ወፎቹ በእርግጥ ወለሉን ያቆሽሹ ነበር፤ መፍትሔው ግን ከበሽታው ከፋ። ወለሉ በየምሽቱ እስከ ስምንት ባልዲ ውኃ ይታጠባል፤ በሩ ይዘጋል። ተኑ መውጫ አጥቶ ሌሊት በቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ወደ ውኃ ይለወጥና ጎህ ሲቀድ ይንጠባጠባል። ለምረቃ ቀን ደግሞ ሌላ ስሌት አለ፤ የተቀመጠ ሰው በትንፋሽና በላብ በሰዓት ወደ 50 ግራም ውኃ ወደ አየር ይለቃል። ሺህ ሰው ሦስት ሰዓት ቢቀመጥ 150 ሊትር ነው። መስኮት ከሌለ ይህ ሁሉ ውስጥ ይቀራል።

ከጉድጓዶቹ። ለሦስቱ የመረብ ኳስ ሜዳዎች ስድስት የምሰሶ ማስገቢያ ጉድጓዶች በአርማታው ላይ ተበስተዋል። ሲበሱ ላስቲኩም አብሮ ተበሳ፤ ማንም አላሸገውም። በካርታው ላይ የታዩት ክቦች እነዚህ ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ የግዢው ስህተት አለ፣ ምናልባትም ዋናው እርሱ ነው። ሳንቃው ሲገዛ የሥራ ዝርዝሩ «የእንጨቱ እርጥበት 8 በመቶ» ይላል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ቤታቸውን በክረምት በማሞቂያ ለሚያደርቁ አገሮች። እንጨት ከአየሩ ጋር እስኪመጣጠን ይጠጣል ወይም ይለቃል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን እንጨቱ 9 በመቶ አካባቢ ይረጋል፤ በ65 በመቶ አየር 12 በመቶ፣ በ80 በመቶ አየር 16 በመቶ ይደርሳል። ጅማ በነሐሴ ወደ መጨረሻው ያደላል። ጠንካራ እንጨት በእያንዳንዱ አንድ በመቶ የእርጥበት ጭማሪ በስፋቱ በግምት ሩብ በመቶ ያድጋል። ከ8 ወደ 14 ቢሄድ 1.5 በመቶ ነው፤ ለ6 ሴንቲ ሜትር ሳንቃ 0.9 ሚሊ ሜትር። በ26 ሜትር ስፋት ላይ 430 ያህል ሳንቃ አለ፤ ድምሩ ወደ 39 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ከግድግዳው የተተወለት ቦታ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ነበር። ጥቂቱን ምስማሩና የእንጨቱ መታመቅ ይይዘዋል፤ የቀረው ግን መሄጃ ስለሌለው ወደ ላይ ይነሣል። ከሥሩ አንድም ጠብታ ውኃ ባይኖር እንኳ ይህ ወለል ማበጡ አይቀርም ነበር።

የተወሰደው እርምጃ

ቅደም ተከተሉ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከላይ ወደ ታች ሆነ። ወለሉ የመጨረሻው ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ በሰሜኑ በኩል ኮብልስቶኑ 1.5 ሜትር ስፋት ያህል ተነሣ። መሬቱ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር በታች እንዲሆን ተቆረጠ፤ ከግድግዳው እየራቀ እንዲወርድ ተደረገ። ከጎኑ ከወለሉ 40 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ተቆፍሮ፣ የተበሳሳ ቱቦ ተዘርግቶ፣ በጠጠር ተሞላ። ተዳፋቱ በአንድ ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ቱቦው በየ15 ሜትሩ ማጽጃ ጉድጓድ አለው፤ የጅማ ቀይ አፈር ደቃቅ ስለሆነ ማጽጃ የሌለው ቱቦ በሁለት ክረምት ይደፈናል።

ጣሪያው ላይ ብሎኖቹ በሙሉ በአዲስ ተለወጡ፤ በጉድጓድ የተመቱት ቀዳዳዎች ተደፍነው ብሎኑ ወደ ጀርባው ተዛወረ። አሸንዳው ተሰፍቶ ቁልቁል የሚያወርዱት ቱቦዎች በቁጥር እጥፍ ሆኑ። አየር መግቢያዎቹ ተከፍተው በወንፊት ሽቦ ተሸፈኑ፤ አየር ይገባል፣ ወፍ አይገባም። ለዚህ የወጣው ገንዘብ ከጠቅላላው ትንሹ ነበር።

ሳንቃው በጥቅምት በሙሉ ተነሣ። እያንዳንዱ ቁጥር ተጻፈበት። በማሽን ከመጠን በላይ የሳሳው፣ የተሰነጠቀውና የሻገተው ተለይቶ ወጣ። ደህናው በአዳራሹ ውስጥ በየረድፉ ቀጭን ዘንግ እየገባበት፣ አየር እንዲያልፈው ሆኖ ተቆለለ። ምስማር ያልተነቀለለት ሳንቃ ሲቆለል ጎረቤቱን ስለሚቧጭር የነቀላው ሥራ ብቻውን ሁለት ሳምንት ወሰደ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። አርማታ በጥሩ አየር በወር በግምት 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይደርቃል። 10 ሴንቲ ሜትር ላለው አርማታ አራት ወር ማለት ነው፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት። በጥር ውድድር ስለነበር ግፊቱ ከባድ ነበር። ኮሚቴው አልበገርም ብሎ ውድድሩ በባዶው ሊሾ ላይ ተካሄደ፤ ተጫዋቾቹ አጉረመረሙ፣ ትክክልም ነበሩ። ይህ ውሳኔ ባይጸና ግን የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር። ሳንቃው የተመለሰው በአርማታው ውስጥ የተለካው አንጻራዊ እርጥበት ከ75 በመቶ በታች ከወረደ በኋላ ነው።

በሊሾው ላይ ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ላስቲክ በሁለት ድርብ ተነጠፈ። መደራረቢያው 30 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በፕላስተር ታሸገ፤ በግድግዳው ላይ ወደ ላይ ታጠፈ። በስድስቱ የምሰሶ ጉድጓዶች ዙሪያ የጎማ አንገት ተደረገና በማሸጊያ ተዘጋ። ሞራሌው በጸረ ምስጥ መድኃኒት ታሽቶ በጎማ መደገፊያ ላይ ተቀመጠ። ላስቲኩን በምስማር የበሳ ሞራሌ አንድም የለም፤ ወለሉ በራሱ ክብደት ነው የተኛው።

ሳንቃው ሲመለስ እርጥበቱ 10.5 በመቶ ገደማ ነበር። በነሐሴ 14 ይደርሳል ተብሎ ተሰላ፤ ለአንድ ሳንቃ ግማሽ ሚሊ ሜትር። ስለዚህ በየአራት ሳንቃው መካከል 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዋሸር እየገባ ተመታ፤ ቀጣዩ ረድፍ ሲያዝ ዋሸሩ ተነቀለ። ይህ በስፋቱ 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰጣል። በየግድግዳው ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር ተተወ። ዞኮሎው የተሰቀለው በግድግዳው ላይ እንጂ በወለሉ ላይ አይደለም፤ ከሥሩም አየር የሚያሳልፍ ክፍተት አለው።

መስመር በመጨረሻ ተቀባ። የቅርጫት ኳስ መስመር 5 ሴንቲ ሜትር፣ የባድሚንተን 4፣ የፉትሳል 8 ነው። በአንድ ወለል ላይ አምስት ስፖርት ሲሰመር ዳኛውም ተጫዋቹም ግራ ይጋባል። ብዙ የሚዘወተረው ቅርጫት ኳስ በጥቁር፣ መረብ ኳስ በሰማያዊ፣ እጅ ኳስ በብርቱካናማ፣ ባድሚንተን በቢጫ ሆነ። የፉትሳል የራሱ መስመር እንዲቀር ተደረገ፤ 40 በ20 ስለሚበቃው በእጅ ኳሱ ዙሪያ መስመር ይጫወታል፤ ጎሉም ሁለቱም ላይ 3 በ2 ሜትር ነው።

የሠራው፣ ያልሠራው

በቀጣዩ ነሐሴ ክፍተቶቹ ገጠሙ፤ ወለሉ ተስተካክሎ ቆየ። የሞተ ኳስ የሚታይበት ቦታ በሰሜኑ ጎን ጠፋ። የጠዋቱ «ላብ» በሁለት ምክንያት ቆመ፤ አየሩ ተከፈተ፣ ማጠብ ቀረ። አሁን ወለሉ በደረቅ ሰፊ መጥረጊያ ይጠረጋል፤ እድፍ ያለበት ብቻ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይታበሳል። በረኪና ወደ አዳራሹ አይገባም።

ሁሉም ግን አልተሳካም። በበጋ ክፍተቶቹ ሲከፈቱ አቧራና የስክሪፕቶ ክዳን ይገባባቸዋል፤ ቅሬታው እስካሁን አለ። ከሳንቃዎቹ መካከል በመጀመሪያው ጥገና የሳሱት ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ቢላጉ ምስማሩ ብቅ ይላል። አንድ ትንሽ የእርጥበት መምጠጫ ማሽን ተገዝቶ ነበር፤ ከ10,000 ሜትር ኩብ በላይ አየር ላለው አዳራሽ በማንኪያ ኩሬ እንደ መቅዳት ነው። አሁን በዕቃ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ ለኳስና ለትጥቅ መጋዘን በእርግጥ ይጠቅማል።

ትልቁ ድጋሚ ስህተት የተሠራው በምረቃ ነው። ወለሉን ለመጠበቅ ተብሎ ላስቲክ ተነጥፎ፣ በላዩ ምንጣፍ ተደርጎ፣ ለሚቀጥለውም ስብሰባ ይሆናል ተብሎ ለዘጠኝ ቀን ተተወ። ሲነሣ ከሥሩ ያለው ቫርኒሽ ነጥቶ ነበር። ላስቲክ ከታች ሆኖ ይጠብቃል፤ ከላይ ሲሆን ያፍናል። አሁን 9 ሚሊ ሜትር ኮምፐንሳቶ ብቻ ይነጠፋል፤ በላዩ ምንጣፍ፤ የወንበር እግሮች የጎማ ቆብ አላቸው፤ በክረምት ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም።

ጅማ ላይ ዝግጅት ያለ ቡና አይሆንም። ቄጠማ ከጠዋት እርጥብ ሆኖ ይጎዘጎዛል፤ ማታ ሲነሣ ወለሉ ላይ አረንጓዴ ቅርጹን ትቶ ይሄዳል። የከሰል ምድጃ ፍም ቫርኒሹን ያቃጥላል፤ ፈንዲሻው በክፍተቱ ገብቶ አይጥ ይጠራል። ቡናን መከልከል ተሞክሮ አልሠራም፤ ማንም አልሰማም። የሠራው በመግቢያው ኮሪደር ሊሾ ላይ ቋሚ የቡና ቦታ ማዘጋጀት ነው። በዚያው በር ላይ ጫማ መጥረጊያ ብረትና 5 ሜትር ርዝመት ያለው ምንጣፍ ተደርጓል፤ የክረምት ጭቃ ከአምስት እርምጃ በኋላ አብዛኛው ይለቃል።

ለሌላ አዳራሽ የሚሻገረው

እርጥብ አየር ባለበት ከተማ እንጨት የሚገዛ ሰው በሥራ ዝርዝሩ ላይ ከሌላ አገር የተቀዳ የእርጥበት ቁጥር አይጻፍ። በአዳራሹ ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የአየሩ እርጥበት ተመዝግቦ ከዚያ ይወሰን፤ ዓመት መጠበቅ ካልተቻለ በነሐሴና በጥር የተለካ ሁለት ወር ይበቃል። መለኪያው ርካሽ ነው።

ጉዳቱን ሳንቃው ላይ ከማየት በፊት ካርታው ይሳል። ወንበሩ ነው፣ ጣሪያው ነው የሚለው ክርክር የሚያልቀው ቅርጹ ወረቀት ላይ ሲታይ ነው። ምርመራው በዝናብ፣ ሥራው በበጋ፤ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ተቃራኒው ነው፤ ምክንያቱም በጀት የሚለቀቀው በሐምሌ ስለሆነ ጨረታው አልቆ ሥራ ተቋራጩ የሚገባው በበጋው ማብቂያ ላይ፣ ዝናቡ ሊመለስ ሲል ነው። የካቲት ላይ ያልተነጠፈ ወለል ወደ ሌላው ኅዳር ቢዘገይ ይሻላል።

በአዳራሹ ዙሪያ 3 ሜትር ውስጥ የሚደረግ ማንኛውም የመንገድ፣ የአትክልት ወይም የቱቦ ሥራ የአዳራሹ ኃላፊ ሳይፈርምበት እንዳይጀመር አሁን ተደንግጓል። በግምጃ ቤቱ በር ላይም ደብተር ተሰቅሏል፦ ቀን፣ የተደረገው ዝግጅት፣ የሰው ብዛት፣ የተነጠፈው ነገር፣ የተነሣበት ሰዓት፣ ጠዋት ወለሉ ደረቅ ወይም እርጥብ መሆኑ። የመጨረሻውን ዓምድ የሚሞሉት የጽዳት ሠራተኞቹ ናቸው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ቆርቆሮው ከሥሩ ምንም የለውም፤ ከባድ ዝናብ ሲወርድ የዳኛ ፊሽካ አይሰማም፤ ፈተና ላይም ጥያቄ ማንበብ ይቆማል። ድምፁንም ሌሊት የሚወርደውን ጤዛም የሚያስቀር መሸፈኛ ከሥሩ ማሰር ይቻላል፤ ግን ካፕሪያታው ተጨማሪውን ክብደት መሸከም መቻሉ መጀመሪያ መሰላት አለበት፤ የመጀመሪያው ንድፍ ደግሞ ከግምጃ ቤቱ ጠፍቷል። ብረቱ አንድ በአንድ እየተለካ እንደገና እየተሳለ ነው።